ለክቡር ጌም አፍጣኝ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላልጨመሩልኝ ፍጥነት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ደህንነትዎን በየቀኑ አያለሁ። ኮምፒውተሬን ስከፍት ከሁሉም ቀድመው ተነስተው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ከሰዓቱ ጎን ተቀምጠው ነው የማገኝዎት። እርስዎ ጌም አፈጥናለሁ የሚሉ ፕሮግራም ሆነው ከመጡ ወዲህ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ከድሮው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ነገረኛ ሰው ቢሆን «ይሄ ፍጥነት ጨማሪ ነው ወይስ ቀናሽ?» ይል ነበር። እኔ ግን ጨዋ ነኝና ዝም አልኩ።

ትውውቃችንን መቼም አይረሱትም። ሌሊት ነበር። ዋናው ባለጋራ በሩን ሰብሮ ሲገባ ጌሙ እንደለመደው ቀጥ አለ። አንድ ሰከንድ። ሁለት ሰከንድ። ሲመለስ እኔ መሬት ላይ ነኝ፣ እሱ ከበላዬ ቆሟል። በእንዲህ ያለ ንዴት ላይ ያለ ሰው ፊት ማስታወቂያ ከች ማለት ነውር ነው፤ እርስዎ ግን ከች አሉ። «ጌምዎ ይንቀራፈፋል? በአንድ ክሊክ እናፍጥንልዎ!» አሉኝ። ክሊክ አደረግኩ። አንዷ ክሊክ ግን ብቻዋን አልመጣችም። ከኋላዋ አንድ የማላውቀው የፍለጋ ገጽ፣ አንድ ያልጠራሁት ጸረ ቫይረስ፣ እና ስለ ራሱ ምንም መናገር የማይፈልግ አንድ ሦስተኛ ነገር ተከትለዋት ገቡ። እንግዳ መቼም ጓዙን ይዞ ነው የሚመጣው ብዬ ተቀበልኳቸው።

ከዚያ ያቺ ሮኬት መጣች። ክብ መሐል የቆመች ሮኬት፣ ከሥሯ «አሁኑኑ አፍጥን» የሚል ትልቅ ቁልፍ። ስጫነው ሮኬቷ ጭስ እየተፋች ተነሳች። ቀዩ ክብ አረንጓዴ ሆነ። የራም (ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) አጠቃቀም የሚለው ቁጥር ዓይኔ እያየ ወደ ግማሽ ወረደ። «እንኳን ደስ አለዎት! ኮምፒውተርዎ ፈጥኗል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እውነት ለመናገር በሕይወቴ አንድ ቁልፍ ተጭኜ እንዲህ የተመሰገንኩበት ቀን የለም።

ያን ሰሞን ጌሙ ፈጥኖ ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ እል ነበር። አንድ ቀን እህቴን አጠገቤ አስቀምጬ «አየሽ? በፍጥነት ስዞር እንኳ አይቆራረጥም። ሮኬቷን ከተጫንኩ ወዲህ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው» አልኳት። እህቴ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «እሱን እኮ ትናንት ማታ አጥፍቼዋለሁ» አለች። «ፊልም እያየሁ ‹ማፍጠን ይፈልጋሉ?› እያለ ሲያስቸግረኝ።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለቱ ከበደኝ። አንተ ልበልህ።

ስሜቴን ማመን ትቼ ወደ ቁጥር ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ፍሬም፣ ማለትም ጌሙ በየሰከንዱ የሚስላቸውን ምስሎች የሚቆጥር ነገር አስቀመጥኩ። ያው ቦታ፣ ያው መንገድ፣ ያው ዝናብ። ሦስት ጊዜ ያለ አንተ፣ ሦስት ጊዜ ካንተ ጋር ሮጥኩ። ቁጥሩ አንድ ሁለት ፍሬም ወዲያና ወዲህ ከመወዛወዝ በቀር የትኛው ዙር ያንተ እንደሆነ የሚያሳብቅ ነገር አልነበረውም። ከስድስቱ ሁሉ የከፋው ደግሞ ሮኬቷ ገና እንደተነሳች የሮጥኩት ነው። ሽልማት ከሰጠህ በኋላ እግሬን ትይዛለህ ማለት ነው።

ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። ያ ወደ ግማሽ ያወረድከው ራም ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስን «ፕሮግራሞቹ ሁሉ የያዙትን ሜሞሪ ይልቀቁ» ብለህ ታዘዋለህ። እሱም ያስለቅቃል። የተለቀቀው ግን የትም አልሄደም፤ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። አንዳንዱ እዚያው ራም ላይ «ተጠባባቂ» ተብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ዲስክ ይወርዳል። ቁጥሩ ዝቅ ይላል፣ ሮኬቷ ጭሷን ትተፋለች። እኔ ደግሞ ጌሙ ውስጥ አንድ በር ስከፍት ያ ዞር ያለው ነገር ሁሉ ይፈለጋል። ከተጠባባቂው ይጠራል፣ ካልሆነም ከዲስክ ይለቀማል። እኔ እስኪለቀም በሩ ላይ ተገትሬ እጠብቃለሁ።

ደግሞስ ራም ባዶ ሲሆን ማን ይጠቀማል? ዊንዶውስ በፈረንጆቹ 2007 ለገበያ ከወጣው ቪስታ ጀምሮ ትርፍ ራም ሲያገኝ፣ ሰውዬው ቶሎ ይፈልገዋል ብሎ የገመተውን ከዲስክ እያመጣ ይሞላበታል። ጌሙ ቦታ ሲጠይቅ ይለቅለታል። ባዶ ራም ማለት ደመወዝ እየተከፈለው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሠራተኛ ማለት ነው። አንተ ሥራ የያዘውን ሁሉ አሰናብተህ «ቢሮው ጸጥ ብሏል» የሚል ሪፖርት ታቀርባለህ።

ስለ ገድልህም እናውራ። ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ዘግተህ «23 ፕሮሰሶች ተደምስሰዋል» ብለህኝ ነበር። ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት። አንደኛው የማተሚያ ሰርቪስ ነው። ማተሚያ የለኝም። ያ ምስኪን ኮምፒውተሩ ከተገዛ ጀምሮ ተኝቷል፤ ማን ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰር ድርሻው ዜሮ ነው። ቀጥሎ የፋክስ ሰርቪስ። ፋክስ! የተኛ ሰው ገድለህ ግዳይ ጣልኩ ብለህ ትፎክራለህ። ታስክ ማናጀሩን ራም በብዛት በሚበሉት ቅደም ተከተል ሳሰልፈው ደግሞ አንተ ራስህ ከላይ ከሚጠሩት መሐል ነበርክ። ከድምሰሳው ዝርዝር ላይ ግን ስምህን አጣሁት።

ሒሳቡን ደግሞ እንሥራው። ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲያሳይ አንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተስሎ ማለቅ አለበት። በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ ያሰላል፣ ግራፊክስ ካርዱ ጥላውን፣ ጭሱን፣ ቅጠሉን ይስላል። ጌሙ ሲበረታ የኔ ካርድ 99 በመቶ እየሠራ ነው። ላቡ ጠብ እያለ ነው። አንተ የፋክስ ሰርቪስን ብትገድልለት እሱ ምን ያቀልለታል? ሸክሙ ያለው እሱ ትከሻ ላይ፣ አንተ የምትፈትሸው የሌላ ሰው ኪስ።

ዘር ማንዘርህንም አጣርቻለሁ። በፈረንጆቹ 1995 ሶፍትራም 95 የሚባል አያት ነበረህ። ራምን በእጥፍ አደርጋለሁ ብሎ ተሸጠ። ሲመረመር የጨመረው ራምን ሳይሆን ስክሪን ላይ የሚታየውን ቁጥር ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው ሐሰት ነው ብሎ ያዘው። ከሱ በፊት ደግሞ የድሮ ኮምፒውተሮች ፊት ላይ «ቱርቦ» የሚባል ቁልፍ ነበር። እሱ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ እውነት ይሠራ ነበር። ብቻ ሥራው ማፍጠን አልነበረም። በ1981 ለወጣው የአይቢኤም ፒሲ፣ ማለትም ለ4.77 ሜጋኸርትዝ ፕሮሰሰር ተብለው የተጻፉ ጌሞች አዲሶቹ ማሽኖች ላይ ሲከፈቱ ዓይን እስኪያጡ ይሮጡ ነበር። ስለዚህ ሰው ቱርቦውን እያጠፋ ማሽኑን ያዘገየው ነበር። አንተም ያኔውኑ «አዘገያለሁ» ብለህ ብትመጣ ኖሮ፣ ቃሉን የጠበቀ ብዬ በየሄድኩበት አመሰግንህ ነበር።

ሬጂስትሪ፣ ማለትም የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ፣ አጸዳሁልህ ያልከኝን ልለፈው ብዬ አላስችል አለኝ። ከአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ አሥር ያረጁ መስመሮች ስለተቀደዱ መዝገቡ ቶሎ አይነበብም። ማይክሮሶፍት ራሱ ሬጂስትሪ የሚያጸዱ ፕሮግራሞችን አልደግፍም ብሏል። ኤስኤስዲዬን (ፋይሌን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጠውን ዲስክ) ዲፍራግ ላድርግልህ፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን ላሰባስብልህ ማለትህን ግን ለሰው አላወራብህም። ዲፍራግ የሚረዳው የማንበቢያ ጫፉ ከቦታ ቦታ ለሚመላለስበት ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያልተበታተነ ቤት ልታደራጅ መጥተህ ዕቃውን ብቻ ታስረጅብኝ ነበር።

ወንድምህ ፒንግ ቀናሹም ሰላምታ ይድረሰው። ፒንግ ማለት መልእክት ጌሙ ያለበት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰርቨሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም፤ ብርሃን እንደ በቅሎ አይገረፍም። መስመሩ በከንቱ የሚዞር ከሆነና አቋራጭ ካገኘለት ይርዳ። ካላገኘለት ግን እሱም ሮኬት ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የምትጠቅምበትንም ልናገር። ራሙ ትንሽ የሆነ ኮምፒውተር ላይ፣ አርባ ታብ ከፍቶ፣ ከጀርባ ፊልም እያወረደ ጌም ለሚጀምር ሰው ያን ሁሉ ብትዘጋለት ይሻለዋል። ላፕቶፑ ኃይል ቆጣቢ ላይ ተረስቶ ከሆነም ወደ ሙሉ ኃይል ስታዞረው ልዩነቱ ይታያል። አልክድም። ግን አንተ የዘጋኸውን ብራውዘር እኔም በዚያችው ኤክስ እዘጋዋለሁ፤ ጣት አለኝ። ጌም ሲጀመር ከጀርባ ያለውን ገታ የማድረጉን ሥራ ደግሞ ዊንዶውስ ከ2017 ጀምሮ «ጌም ሞድ» ብሎ ይዞታል። ያንተን ያህል ድራማ የለውም። እንኳን ደስ አለዎትም አይልም።

ታዲያ ያ ሁሉ መንቀራፈፍ ምን ሆኖ ተገኘ መሰለህ? የላፕቶፑን ጀርባ ፈታሁት። ማራገቢያው አየር የሚያስወጣበት ቀዳዳ ላይ አቧራው ተጋግሮ ግራጫ ብርድ ልብስ ሆኗል። በጥፍሬ ጫፉን ሳነሳው ሳይበጣጠስ፣ እንዳለ፣ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ተላጠ። መሬት ላይ አስቀምጬ ለአፍታ አየሁት። ፕሮሰሰርም ሆነ ግራፊክስ ካርድ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሁን ሳስበው ጌሙ ሁልጊዜ የሚብሰው ከጀመርኩ ሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር። አላስተዋልኩም። አንተ ግን ታይ ነበር! ሙቀቱን በዚያ አረንጓዴ ገጽህ ላይ ጽፈኸዋል፦ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ። ከሥሩ ደግሞ «ሁኔታ፦ እጅግ ጥሩ»። እየተቀቀልኩ ጤናማ ነህ አልከኝ።

አቧራው ከወጣ በኋላ ጥላውን ከ«እጅግ ከፍተኛ» ወደ «መካከለኛ» አወረድኩት። ነፍሴን ለማዳን ስሮጥ የዛፍ ጥላ ጠርዝ አይቼ አላውቅም። ሪዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ካርዱ ለአንድ ፍሬም የሚስለው ነጥብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የነበረው 921,600 ሆነ። ምስሉ ደብዘዝ አለ፣ አልዋሽም። ቆጣሪው ግን ላንተ አልነቃነቅ ያለው ሁሉ ለነዚህ ሽቅብ ወጣ። በር ሰባሪው ባለጋራ ሲመጣ ጌሙ ቀጥ አላለም። እንዲያውም ቆሜ ጠበቅኩት።

ለነገሩ ገደለኝ። በዚህኛው ግን የማመካኝበት አጣሁ።

ከዚያ ላሰናብትህ ተነሳሁ። «ሊለዩን ነው?» አልክ፤ ሮኬቷ እንባ አውጥታለች። «ልቆይ» የሚለው ቁልፍ ትልቅና አረንጓዴ ነው። «አራግፍ» የሚለው ግራጫ ላይ በግራጫ ተጽፎ ጥግ ይዟል። ተጫንኩት። «ያለ እኔ ኮምፒውተርዎ ይዘገያል፤ እርግጠኛ ነዎት?» አልክ። ተጫንኩት። «በእርግጥ እርግጠኛ ነዎት?» ተጫንኩት። «ለምን እንደሄዱ በአጭሩ ይንገሩን» አልክና ትንሽ ሳጥን ሰጠኸኝ። መጻፍ ስጀምር ከመቶ ፊደል በላይ አልቀበልም አለ። ይህ ሁሉ ደብዳቤ እዚህ የመጣው ለዚያ ነው።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ከሰዓቱ ጎን ማንም አልነበረም። ብራውዘሩ ግን ሳልነካው ራሱን ከፈተ። «የተራገፉ ፕሮግራሞች ትራፊ ኮምፒውተርዎን አዘግይቶታል? በአንድ ክሊክ እናጽዳልዎ!» ይላል። ያችው ሮኬት ናት። መጥረጊያ ይዛለች።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ ተጠቃሚህ

ግልባጭ፦
ለማተሚያ ሰርቪስ፣ ወደ እንቅልፍህ ተመለስ
ለማራገቢያው፣ ከይቅርታ ጋር
ለእህቴ፣ ፊልምሽን እይ፤ አሁን ማንም አያስቸግርሽም