እርማት፦ በአልትራሳውንድ «ምንም የለበትም» የተባለ በግ ከሃይዳቲድ ነጻ ነው ማለት አይደለም

«በጉ በአልትራሳውንድ ታይቶ ከረጢት ካልተገኘበት ከሃይዳቲድ በሽታ ነጻ ስለሆነ፣ ሲታረድ ሳንባውንና ጉበቱን ለውሻ መስጠት ይቻላል» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ ሲጻፍ ስላየሁ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ሃይዳቲድ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል እጭ በበግ፣ በፍየልና በሰው አካል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥርበት በሽታ ነው።

የአልትራሳውንድ ድምፅ አየርን አልፎ አይሄድም። በመሆኑም አየር በሞላው ሳንባ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በማሳያው ላይ አይታይም፤ ሳንባ ደግሞ ይህ በሽታ ከጉበት ጋር አብዝቶ የሚያጠቃው አካል ነው። በኬንያ በበጎችና በፍየሎች ላይ ተካሂዶ በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ መሣሪያው ከረጢት ካለባቸው እንስሳት መካከል የለየው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡትን ብቻ ሲሆን፣ ጤነኛውን በስህተት ታማሚ ያለው ግን እምብዛም ነው። ስለዚህ በሽታው በመንጋ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ በእጅጉ ይጠቅማል፤ ለአንድ በግ የነጻነት ማረጋገጫ መሆን ግን አይችልም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቄራ ሄዶ የሥጋ መርማሪውን ሥራ ይመልከት። መርማሪው ሳንባውን በጣቶቹ እየዳበሰ ከስፖንጁ መሐል ጠንከር ያለ ድቡልቡል ነገር ይፈልጋል፤ ሲገኝና ሲቀደድም ጥርት ያለ ፈሳሽና ነጭ ሽፋን ይወጣል።

ያንን ከረጢት የበላ ውሻ ሳምንታት ቆይቶ የትሉን እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣል፤ እንቁላሉም ውሻውን ሲያሻሹ የዋሉ ልጆች እጅ ላይ ይቀራል። በአልትራሳውንድ ቢታይም ባይታይም፣ ከረጢት የተገኘበት ሳንባና ጉበት መቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር አለበት።