ውሻው ቶጎ ታዲያ መስኮት ለምን ሰበረ?
ስለ ሰረገላ ጎታች ውሾች የተለጠፈው ጽሑፍ «የበረዶ ሰረገላ ጎታች ውሻ የሚወደው ሩጫውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም» ይላል። ሩጫ መውደዳቸውስ እውነት ነው፤ የመጎተቻው ማሰሪያ ሲወጣ ሲያዩ ጩኸታቸው ጆሮ ይበጥሳል። ሰው አይወዱም ማለት ግን በዛ። የአላስካውን ቶጎ እንውሰድ። ቡችላ ሆኖ ሲታመም ያስታመመችው የባለቤቱ የሰረገላ ነጂው የሊዮናርድ ሴፓላ ሚስት ናት። በስድስት ወሩ ገደማ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እዚያ ተንቀባሮ መኖር ሲችል፣ የተዘጋ መስኮት ሰብሮ ወጣና ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጦ ቤቱ ተመለሰ። ያኔ ገና ሰረገላ ጎትቶ አያውቅም፤ ታዲያ የምን የሥራ ናፍቆት ነው? (የሴፓላ ሌሎች ውሾችም ናፍቀውት ይሆናል፣ እሺ።) በፈረንጆቹ 1925 የዲፍቴሪያ (ገዳይ የጉሮሮ በሽታ) መድኃኒት ወደ አላስካዋ ኖም ከተማ ሲጓጓዝ፣ ይኸው ውሻ በ12 ዓመቱ ከሴፓላ ጋር በጠቅላላው ወደ 420 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ከላይ ባለው አስተያየት «ውጭ የሚያድር ውሻ እንዴት የቤተሰብ አባል ይባላል?» ላልከው ወንድሜ፦ ያን ሁሉ ፀጉር ለብሶ ሞቃት ቤት ውስጥ መተኛት ለሱ ጭንቅ ነው። ቤተሰቡ ግን ከሩጫ በፊትም በኋላም መዳፉን አንድ በአንድ ያያል፣ በረዶ እንዳይቆርጠው ጫማ ያጠልቅለታል። አንተ የውሻህን መዳፍ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?