ሴሉ ይራመድ እንጂ!

ሴልን የተማርነው በሥዕል ነው። አንድ ክብ፣ መሐሉ ላይ ኒውክለስ፣ ዙሪያውን እንደ ባቄላ የተበተነ ማይቶኮንድሪያ። ስማቸውን በቀስት እያመላከትን ሸመደድን፣ ፈተናውን አለፍን። ሁሉም ባለበት ተቀምጦ የሚውል ነበር የመሰለን።

ኪኔሲን የሚባል ፕሮቲን እንዳለ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እንደ መርካቶ ተሸካሚ ከራሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከረጢት ይዞ፣ ማይክሮቲዩቡል በሚባል ቀጭን ሐዲድ ላይ በሁለት እግሩ ይራመዳል። አንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር ነው። ለየእርምጃው የሴሉ የኃይል ምንዛሪ የሆነውን አንድ ኤቲፒ (ATP) ይከፍላል። 1 ሚሊሜትር ለመሄድ 125,000 ጊዜ መራመድ ይጠበቅበታል። ከወገባችን እስከ እግር ጣታችን የሚዘረጋው ነርቭ ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ነው! አንድ ጭነት ላይ ብዙዎች ስለሚያያዙ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይቀጥላል።

ይህ ፕሮቲን የተገኘው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ሮናልድ ቬል፣ ማይክል ሺትስና ቶማስ ሪስ አሜሪካ፣ ዉድስ ሆል ውስጥ ስኩዊድ ከተባለ የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ይሠሩ ነበር። ፕሮቲኑን አጣርተው መስታወት ላይ ሲያደርጉት ማይክሮቲዩቡሎቹ በላዩ መንሸራተት ጀመሩ። ሕይወት የሌለው መስታወት ላይ!

ኪኔሲን ጭነቱን ወደ ነርቭ ጫፍ ይወስዳል፤ ከጫፉ ወደ ሴሉ መሐል የሚመልሰው ግን ሌላ ፕሮቲን ነው፣ ዳይኒን ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስም በዚሁ የመልስ መንገድ ተጭኖ ወደ አንጎል ይወጣል። ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። አንዴ ከታየ ግን ማዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥባል፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ተቋም ይሄዳል።

ሴልን እንደ ቆመ ሥዕል የሚያውቅ ልጅ፣ «የተነከስኩት እግሬን ነው፣ ከአንጎሌ ምን አገናኘው?» ቢል አይፈረድበትም። እኛ ነን ጉዞውን ያላሳየነው።

የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ ከስሞቹ በፊት እንቅስቃሴውን አሳዩ። ቪዲዮ ከሌለ ገመድ አለ። ክፍሉ ውስጥ ዘርጉት። አንዷ ተማሪ ትልቅ ከረጢት ተሸክማ በገመዱ ላይ ትራመድ። በየእርምጃዋ አንድ ፍሬ ሽምብራ ትጣል። ሽምብራው ሲያልቅባት ትቁም። ከዚያ ክፍሉን ጠይቁት፤ ለምን ቆመች?