ለሬሳ የምንቆም፣ ከእስረኛ የምንሸሽ

ወገኖቼ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ሐበሾች፣ ዛሬ የምጽፈው ላመሰግናችሁ አይደለም።

አንዲት የእድራችን አባል ሌሊት ደወለችልኝ። የ19 ዓመት ልጇን ፖሊስ ይዞታል፤ በማግሥቱ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ሄድን። ልጁ በአካል አልቀረበም። ከእስር ቤቱ በቴሌቪዥን ነው የታየው፤ የእስረኛ ልብስ ለብሶ፣ ካሜራው የት እንዳለ ስላላወቀ ወደ ጎን እያየ። የልጁ ጠበቃ ወደ አግዳሚዎቹ ዞር ብላ «ለእሱ የመጣ ሰው አለ?» ስትል እናቱ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። እኔም ተነሣሁ። ሁለት ሰው። ነገሩ በሙሉ አንድ ረከቦት ቡና ቀድቶ የማደል ያህል እንኳ አልቆየም። ልጁ ሳይለቀቅ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው። ከ11 ቀን በኋላ ሲወጣ ሥራው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ አባላችን ሲያርፍ ሬሳውን ወደ አዲስ አበባ የምንልክበት ገንዘብ በሦስት ቀን ሞላ። ለቅሶ ቤቱ መቀመጫ አጥቶ በረንዳ ላይ ቆመን አመሸን። የልጁን መታሰርም ሰምታችሁ ነበር። «እንዳይወራባት ብለን ነው ዝም ያልነው» ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ። እሷ ግን እንዳይወራባት አልለመነችም፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው የፈለገችው።

በየቡናው ላይ የምሰማው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። «ይሄ የእስር ነገር የጥቁር አሜሪካውያን ጣጣ ነው፤ እኛ ሐበሾች ነን» ትላላችሁ። የእስር ቤቱ መዝጋቢ ልጆቻችሁን ሲመዘግብ «ሐበሻ» የሚል ሳጥን የለውም። ጥቁር ብሎ ይጽፋል፣ እንደ ጥቁርም ይቆጥራቸዋል። በዚህ አገር ባሉት የካውንቲ እስር ቤቶች በማንኛውም ቀን ከ600 ሺህ በላይ ሰው አለ፤ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ገና አልተፈረደባቸውም። ጥቁሮች ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ 14 ያህል ሆነው ሳለ ከእነዚህ እስረኞች ከሦስት አንዱ ጥቁር ነው። ይህ የእናንተም ልጅ ቁጥር ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በታገሉለት መብት ገብተን፣ ተምረን፣ ቤት ገዝተን፣ እነሱ ሲታሰሩ «አይመለከተንም» ማለት በእኔ ዓይን ነውር ነው።

በእኛ አገር ዋስ ማለት ሰው ነው። አባቶቻችን ዋስ ሲጠሩ ጎረቤት ተነሥቶ «እኔ ለእሱ ዋስ ነኝ» ይላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው በቁራኛ ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱበት ጊዜም ነበር። ሰውን የሚይዘው ሰው ነበር። እዚህ ሰውየው ወጥቶ በቦታው ገንዘብ ገባ። ዳኛ 5,000 ዶላር ካለና ከሌላችሁ፣ ለቦንድ ነጋዴ፣ ማለትም በክፍያ ዋስ ለሚሆን ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 ትከፍላላችሁ፤ ልጁ ነጻ ቢወጣም ያ ገንዘብ አይመለስም። የሌለው ይቀመጣል። ካሊፍ ብራውደር የተባለ የኒው ዮርክ ብሮንክስ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2010 በ16 ዓመቱ ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ፤ ዋሱ 3,000 ዶላር ነበር፤ ቤተሰቡ ይህን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። ሦስት ዓመት ያህል ሳይፈረድበት ራይከርስ ደሴት በተባለው የከተማው እስር ቤት ታሰረ፣ ብዙውንም ጊዜ ብቻውን ተዘግቶበት። ክሱ ተሰርዞ ወጣ። በ2015፣ በ22 ዓመቱ፣ የራሱን ሕይወት አጠፋ።

ሕግ አይለወጥም እንዳትሉኝ። ዲሲ ከ1992 ጀምሮ ሰውን ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አያስርም። ኢሊኖይ በመስከረም 2023 የገንዘብ ዋስትናን ፈጽሞ አስቀረች፣ ከሁሉም ስቴቶች ቀድማ። ሜሪላንድም በ2017 ዳኞች ተከሳሹ ሊከፍለው የማይችለውን ገንዘብ ጠርተው እንዳያስሩት ደንብ አወጣች። ግን ደንቡ ከወጣ በኋላ ብዙ ዳኞች ወደ ሌላው መንገድ ዞሩ፤ ያለ ምንም ዋስ ማሰር በዛ። በኒው ጀርሲ ከ2017ቱ የዋስትና ሕግ ለውጥ ወዲህ የእስረኛው ቁጥር በብዙ ሺህ ቀነሰ፤ ከእስረኞቹ ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ግን በ2012ም በ2018ም ከመቶ 54 ነበር። ሕጉ ወረቀት ላይ ሲሻሻል ሚዛኑ በራሱ አይስተካከልም። ችሎቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ጠፍቷል።

ችሎቱ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። የሜሪላንድ ዳኛ ለመልቀቅ ወይም ለማሰር ሲወስን ከሚያያቸው ነገሮች መካከል የተከሳሹ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ በአካባቢው የኖረበት ዘመንና ጠባዩ አሉ። ይህን ማን ይነግረዋል? ጠበቃዋ ልጁን ያወቀችው ያን ዕለት ጠዋት ነው። አሠሪው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የእድሩ ሊቀ መንበር አግዳሚው ላይ ቢቀመጡ፣ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ቢያመጡ፣ ጠበቃዋ የምትናገረው ነገር ይኖራታል። ይህን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ማስፈቀድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ በነጻ ይሰጣችኋል። ትንሹን ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ዜጋ ያልሆነ ሰውም ከእስር ቶሎ ለመውጣት ብሎ «ጥፋተኛ ነኝ» እንዳይል፤ ያቺ አንዲት ቃል ከአገር ልታስባርረው ትችላለች። ጠበቃው ይህን ሊነግረው ግዴታ እንዳለበት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል። ጠይቁት።

ዜግነት ወስዳችሁ ለፕሬዚዳንት ብቻ ወጥታችሁ የምትመርጡትንም እወቅሳለሁ። ልጅህ ይከሰስ አይከሰስ የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ በእናንተ ድምፅ በየአራት ዓመቱ ይመረጣል። በቨርጂኒያ ብዙ እስር ቤቶችን የሚያስተዳድረው ሸሪፍም እንዲሁ። እጩዎቹ እንጀራ ቤቶቻችን ድረስ ይመጣሉ፣ ክትፎ በልተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ። «ስንት ሰው ሳይፈረድበት አስራችሁ አቆያችሁ? ከእነሱ ስንቱ ጥቁር ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው የሰማሁት ሰው የለም። ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ይጠይቃሉ። በቤተ ክርስቲያኖቻቸው ስብሰባ ሲጠሩ እንኳ አብረን አንቀመጥም።

በሚመጣው ወር የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሬሳ ከምናዋጣው ላይ ጥቂቱ ለታሰረ ሰው ጠበቃና ዋስ ይሁን፤ በየሳምንቱም ሁለት ሰው ተራ ገብቶ ችሎት ይቀመጥ፣ የሐበሻ ልጅ ኖረም አልኖረም። የተራውን መዝገብ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። የመጀመሪያውን ስም እናቲቱ ጽፋለች።