የደሴ መንገድ የሚለካው በሰዓት ነው
ከደሴ አዲስ አበባ ስንት ነው ሲባል “400 ኪሎ ሜትር” የሚለው መልስ ከሰው አፍ አይጠፋም። በአየር ቀጥታ ከተለካ ደግሞ ከኮምቦልቻ ቦሌ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሐኪም ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ላለው ሰው ግን የሚያስፈልገው ከቤቱ ደጃፍ እስከ ጉዳዩ ደጃፍ የሚፈጀው ሰዓት ነው፤ ትኬት ሻጭም ሊነግረው የሚገባው ይህንኑ ነው።

በመኪና ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይያዝ። መንገዱ ከደሴ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሐርቡን፣ ከሚሴንና አጣዬን አልፎ ሸዋሮቢት ቆላ ሲገባ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጊዜ የሚበላው ይህ ዳገት ነው። ጭነት የያዘ ተሳቢ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይሰለፋል፤ ኩርባ ላይ መቅደም ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ጉም ከወረደ መብራት በርቶም ፊት ለፊት አይታይም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር የፍሬኑ ሸራ ይግልበታል፣ የጋለ ሸራ አይዝም። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚባለው ለዚህ ነው። ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ባለው ሜዳ ፍጥነት የሚጨምርም ድንገት ከሚሻገር ከብትና ግመል ጋር ይገናኛል። መንገዱ ክፍት መሆኑንም በዋዜማው መጠየቅ ግድ ነው፤ በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸው ጊዜያት አሉና።

አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ደሴ ግን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ያለው ኮምቦልቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የሐረጎ ቁልቁለት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ለፍተሻና ለሻንጣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ቦሌ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከዚያም የከተማው የመኪና መጨናነቅ ሲደመሩ 5 ሰዓት ይሞላል። የደሴ ሰው በበረራ የሚያተርፈው እንግዲህ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው። የኮምቦልቻ ሰው ትርፍም ያው ነው፤ ቁልቁለቱ በመኪናም በአውሮፕላንም ሲሄድ የለበትምና።

ስለዚህ ከደሴ ተነስቶ በረራውን ጠብቆ የሚያደርስ፣ አውሮፕላን ሲያርፍም ተሳፋሪ ይዞ የሚመለስ አውቶቡስ ሊመደብ ይገባል። ኮንትራት ታክሲ የመያዝ አቅም የሌለው መንገደኛ ሚኒባስ እስኪሞላ ሲጠብቅ የበረራው ሰዓት ሊያልፍበት ይችላል። የአየር ጠባይ ሲከፋ በረራ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ስለሚችልም፣ ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው ሁለቱን በረራ በዚያው ቀን አያገናኝ። አንድ ቀን ቀድሞ ይግባ፤ የአንድ አዳር ወጪ ካመለጠ የውጭ አገር ትኬት በእጅጉ ይረክሳል።