«2007 ካልሆነ አልገዛም»

ጓደኛችን ማርቼዲስ ሊገዛ ነው። ሃያ ዓመት ጨርቅ ሲለካ የኖረ ነጋዴ ነው፤ ይገባዋል። ችግሩ የሚፈልጋት አንዲቷን ብቻ መሆኑ ነው፦ ኢ ክላስ፣ የ2007። በፈረንጅ ማለቴ ነው። የመኪና ሞዴል ላይ ሁላችንም ፈረንጅ ነን።

ቅዳሜ ረፋድ፣ የድሬ ፀሐይ ገና ሳትከር፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘን ደላላው ከች አለ። ስልኩን አወጣ። ብርማ ኢ ክላስ፣ አዲስ አበባ ያለች። ነጋዴው ፎቶዎቹን እየገፋ እየገፋ ሊብሬው ላይ ሲደርስ ስልኩን መለሰለት።

«2006 ነው የሚለው።»

«አቦ፣ አንድ ዓመት ምን አላት?»

«2007 አልኩህ እኮ። የድሮዎቹ ፍሬናቸው ነገረኛ ነው ብለውኛል።»

ደላላው ተቆጣ። «ከየት ላምጣልህ? ልፈብርክልህ? በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱን ሰቀለው። በ2016 ጥር ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ቀረ ተባለ። አሁን ያለው አገር ውስጥ የገባው ብቻ ነው። እሱን ነው እየተቀባበልን የምንነዳው። የ2007 ኢ ክላስ ያለው ሰው ደግሞ አይሸጥም። ቢሸጥም ለዘመዱ ነው።»

ለእረፍት ከካናዳ የመጣው ጓደኛችን «እኛም ጋ እኮ እንደዚያው ነው» ብሎ ገባ። በኮሮና ጊዜ ቺፕ ጠፍቶ ፋብሪካዎች ብዙ መኪና ሳይሠሩ ቀሩ፤ ያኔ ያልተሠራ አዲስ መኪና ዛሬ ከየት መጥቶ ያገለገለ ይሆናል? የ2021ን ሞዴል በፈለጉት ቀለም ማግኘት ከባድ ነው አለን። ማንም አልሰማውም። የእኛ ጭንቀት የ2006 ነው።

ይሄኔ የኮሌጅ ተማሪው ስልኩን ነጥቆ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አጎላ። በጣቱ ከግራ ቆጠረ። «አሥረኛዋ ምልክት ናት ዓመቱን የምትናገረው። እዚህ 1 ናት። 1 ማለት 2001 ነው! ሊብሬው ተነካክቷል!»

ደላላው ፊቱ ደም መሰለ። ነጋዴው ቡናውን አስቀመጠ። ነገሩ ሊከር ሲል፣ ሐረር የፔጆ 404 ታክሲ ሥር ተኝተው እጃቸውን ያፍታቱት ሽማግሌ መካኒክ መነጽራቸውን ፈለጉ።

«እስቲ አምጣው ልጄ። መጀመሪያ ላይ ምን ይላል?»

«ደብሊው ዲ ቢ፣ ከዚያ 211።»

«211 የዚህች ኢ ክላስ የፋብሪካ መለያ ነው፤ ገበያ የወጣችው በ2002 ነው። በ2001 ያልተወለደች መኪና እንዴት የ2001 ትሆናለች? አንተ የምትለው የአሜሪካን ቁጥር ነው፤ እዚያ አሥረኛዋ ዓመት ናት። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ማርቼዲስ ላይ ግን አሥረኛዋ የመሪ ነገር ናት። 1 መሪው በግራ፣ 2 በቀኝ።»

ተማሪው «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። ደላላው ግን ይቅርታውን ለራሱ ፈልጎት ነበር፤ እስከ መጨረሻው አኮረፈ።

መካኒኩ ወደ ነጋዴው ዞሩ። «አንተ ፍሬኑን መፍራትህ ልክ ነህ። የፊተኞቹ 211ዎች ፍሬን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ፓምፑ ስንቴ እንደረገጥከው ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ ቀይ ያበራና ለውጠኝ ይላል። ራሱ ፋብሪካው በ2004 ብዙ መኪና ጠርቶ አይቶታል። በ2006 አጋማሽ ላይ መልኳን ሲያድሷት ትተውት ወደ ተለመደው ፍሬን ተመለሱ። አሜሪካኖች ያቺን የታደሰችውን 2007 ብለው ሸጧት። አንተ የሰማኸው እሱን ነው። ስለዚህ 2006 የሚል ሊብሬ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ።»

«እንዴት ልለየው ታዲያ?»

«ኮፈኑን ክፈት። በሹፌሩ በኩል፣ ከሽፋኑ ሥር፣ ድስት የሚያህል ክብ የፍሬን አጋዥ ካለ አዲሱ ነው። ከሌለ ሂድ ወደ ቤትህ።»

ነጋዴው ግን እጅ አልሰጠም። «እሺ፣ እኔ ገባኝ። ነገ ስሸጠው የሚገዛኝ ሰው ይገባዋል? ኮፈን አይከፍትም፤ ሊብሬ ነው የሚያነበው።» ደላላው ኩርፊያውን ረስቶ «ወላሂ ልክ ነው!» አለ። ዋጋ የሚቆረጠው በቁጥሩ ነው፤ እሱም በዚያው ነው የሚበላው።

እኔ በባጃጅ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ፍርዴን ለፈለገ ልስጥ። መካኒኩ ትክክል ናቸው፤ ነጋዴውም አልተሳሳተም። ቶሎ ለሚሸጥ ሰው ሊብሬው ላይ ያለችው አንዷ ቁጥር እውነተኛ ብር ናት፤ ይጠብቃት። ግን ይኸው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ነው «ይቺን መኪና እስክሞት አልሸጣትም፤ ልጄን እድርባታለሁ» ያለን። እስኪሞት የማይሸጣትን መኪና ለማያውቀው ገዢ ብሎ መተው ምን የሚሉት ነው? ድስቱ ካለ ይግዛት። ከሌለም ሊብሬው 2007 ቢል እንኳ ይተዋት። ኤሲዋን ደግሞ እዚሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ይሞክራት። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ኤሲ ድሬ ሲደርስ አመሉ ይለወጣል።

ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። ማታ ግን ደላላው መንገድ ላይ አስቁሞ መልእክት አሳየኝ። ከነጋዴው ነው፦ «ኮፈኑን አስከፍተህ በሹፌሩ በኩል አንድ ፎቶ ላክልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»