ገበጣ ስንት ቀዳዳ አለው?

ደሴ ውስጥ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ይገኛል። ስለ ቴክኖሎጂ አስተያየት የሌለው ግን አይገኝም። እንዲያውም እንደታዘብኩት ስልኩ ባነሰ ቁጥር አስተያየቱ ይገዝፋል። ባለ ቁልፍ ስልኩን በላስቲክ አስሮ የያዘ ሰውዬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተነትነውን ያህል የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አይተነትኑም።

ሸዋ በር ላይ ባጃጅ ተሳፈሩ። ከመሪው አጠገብ ስልክ ተሰክቷል፤ ቲክቶክ ላይ ሁለት ሰዎች ይሰዳደባሉ። ሾፌሩ አንድ ዓይኑን ዳገቱ ላይ፣ አንዱን ስድቡ ላይ አድርጎ "ወላሂ ይሄ ስልክ ትውልዱን ጨረሰው" ይልዎታል። (ደሴ ላይ ወላሂ ለማለት ሙስሊም መሆን ግድ አይደለም። ማርያምን ለማለትም እንዲሁ።) "ትውልዱን ተወውና መንገዱን እይ" ማለት ያምርዎታል፤ ግን ፍሬኑ በእሱ እጅ ነው። ሲወርዱ ሒሳቡን በቴሌብር ይልኩለታል። ያኔ ፊቱ ይፈታል። "ቴክኖሎጂ አሪፍ ነው አቦ" ይላል።

የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ፋብሪካውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም እሱ ዘንድ ስለሆነ ቴክኖሎጂ የግል ርስቱ ይመስለዋል። ደሴዎች ለመብረር መጀመሪያ የሀረጎን ቁልቁለት መውረድ እንዳለብን እያስታወሰ ይስቅብናል። እኛም ሙቀቱን እናነሳበታለን። እኩል እንወጣለን።

ከባዱ ክርክር ያለው ጌም ላይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጌም ቤት አለ። በሩ ቆርቆሮ፣ መጋረጃው የድሮ አንሶላ፣ ጆይስቲኮቹ ቁልፋቸው ላይ የነበረው ምልክት በላብ ጠፍቷል። ልጆቹ ፊፋ ይጫወታሉ። እርግጥ ጨዋታው ፊፋ መባሉ ቀርቷል። ኢኤ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ፊፋ 23ን ካወጣ በኋላ ከፊፋ ጋር ተፋቷል፤ የአሁኑ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ነው። የደሴ ልጆች ግን ፍቺውን አላጸደቁትም። ሕጋቸውም አንድ ብቻ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ይህ ሕግ ከፕሌይስቴሽን ጋር ከጃፓን አልመጣም። አባቶቻቸው ጆተኒና ከረንቡላ ላይ ትምህርት እየፎረፉ የደነገጉት ነው። አባቶቹ ይህ ሲነሳባቸው አይወዱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ጎረቤታችን ጋሼ ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ግማሹን ሰፈር አስተምረዋል፤ የቀረውን ገርፈዋል። ባለፈው አቦሉ እንኳ ሳይቀዳ "የዓለም ጤና ድርጅት ጌም በሽታ ነው ብሏል" ብለው ገቡ። የወንድሜ ልጅ ስልኩን ደበቀ።

ጋሼ ልክ ናቸው፤ ግማሹን። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ ገብቷል። ግን አንድ ልጅ ጌም ስለወደደ ታመመ አይባልም። ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ከሥራውም ከቤተሰቡም ጌሙ ሲበልጥበት፣ ጉዳቱን እያየ አልተው ሲል፣ ይህም ባብዛኛው 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። እንደ ጥሩ ተማሪ ይህን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀመጡና "ይሄማ በርጫ ነው" አሉ።

ጥግ ላይ ጉንጫቸውን ሞልተው የተቀመጡት አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ፈንዲሻ አዞረች።

ጋሼ መንገድ ቀየሩ። "ቻይናን ተመልከቱ! ከልክላለች!" እውነት ነው፤ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኦንላይን ጌም የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ነው ብላ ደንግጋለች። ለእኛ እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልገንም። መብራት አለን። የሚጠፋ ማለቴ ነው። የወንድሜ ልጅ ግን አንገቱን ብቅ አደረገ። "ጋሼ፣ ቻይና እኮ በ2023 የእስያ ጨዋታዎችን ሃንግዡ ላይ ስታዘጋጅ ለጌም ሜዳሊያ ሰጥታለች።" ጋሼ ትንሽ አሰቡና "አንተ ስንት አመጣህ?" አሉት። ልጁ ስለ ሜዳሊያው ይሁን ስለ ሒሳብ ፈተናው እንዳልገባው ሆኖ ዝም አለ።

የሚገርመኝ፣ አዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት እንዳለው ያስተማሩን ጋሼ ራሳቸው ናቸው። እየሳቁ ነው ያስተማሩን። አሁን ጌም ቤቱን የዲያብሎስ ጉባኤ ይሉታል፤ አይስቁም።

ቴክኖሎጂ ቢጠፋ ባህላችን ያንሰራራል የሚሉ ሰዎችን ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን ነበር። ይኸው፣ ስልክ የለ፣ ቲክቶክ የለ፣ ባህል የፈለገ መስኩ ሰፊ ነው። ተሰብስበን ቡና ጠጣን። ያወራነው ግን "ዳታ መቼ ነው የሚለቀቀው?" እያልን ነበር። ማታ ማታ በጦሳ ተራራ ብርድ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ደጃፍ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ጠበል ወረፋ ይኮለኮል ነበር። ጋሼን እዚያ አግኝቻቸዋለሁ። "ልጆቹን ልቆጣጠር ነው የመጣሁት" አሉኝ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ይበራል።

አሁን ደግሞ ባህሉ ራሱ ወደ ስልክ ገብቷል። የጎረቤታችን ልጅ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ እጣን አጭሳ፣ ረከቦቱን አሰማምራ ቡና ታፈላለች። መጀመሪያ ቀን ሽታው ጠርቶን ሄድን። "አትቀመጡ፣ ካሜራ ውስጥ ትገባላችሁ" አለችን። ቆመን የሰው አገር ሰው በልብ ምልክት ሲጠጣው አየን።

ወደ ቡናችን ልመለስ። ቶናው ሲደርስ ጋሼ የመጨረሻውን መሣሪያ መዘዙ። "ለምን ገበጣ አይጫወቱም? የአባቶቻችን ጨዋታ እያለ!" የወንድሜ ልጅ ከልቡ ነው የጠየቀው፤ "ጋሼ፣ ገበጣ ስንት ቀዳዳ አለው?"

ጋሼ አፋቸውን ከፈቱና ቆዩ። "ሁለት ረድፍ ነው" አሉ። እናቴ ከምድጃው "ሦስት ነው እንጂ!" አለች። አጎቴ በጉንጫቸው መሐል አራት ያሉ መሰለኝ። ጠብ ተነሳ። እናቴ የወረኢሉን አያቷን ምስክር ጠራች፤ ጋሼ የቦሩ ሜዳውን። ሁሉም ልክ ናቸው። ገበጣ በየአገሩ ረድፉም ሕጉም ይለያያል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዓይነቱን ቆጥረው መዝግበዋል። እዚያ ቤት ከነበርነው ግን ከልጅነቱ ወዲህ ጠጠር የጨበጠ አንድም አልነበረም። የአባቶቻችንን ጨዋታ ለመጫወት ሳይሆን ለልጅ ለመምከር ነው ያስቀመጥነው።

ልጁ ሁለት ደቂቃ ስልኩ ላይ ጎረጎረ። "ይኸው ጋሼ፣ ማንካላ ይላል፣ ገበጣ ነው።" ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። ባህል በስልክ አይሆንም አሉ። ከዚያ ጠጠሩ ሲወርድ ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማና ጆሯቸው ቆመ። "እስቲ አሳየኝ፣ ስህተቱን ልንገርህ" አሉ። መነጽራቸውን አወጡ። ስልኩ አሸነፋቸው። "ይሄ ይሰርቃል" አሉ። እንደገና አሸነፋቸው። "ወላሂ ይሰርቃል!" ጋሼ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ።

በረካው ተቀድቶ ቀዘቀዘ። እናቴ ሁለት ጊዜ "ጋሼ፣ ቡናው" አለች። አልሰሙም። የወንድሜ ልጅ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆመ፤ ጌም ቤት ጀማው እየጠበቀው ነው።

"ጋሼ፣ ልሄድ ነው። ስልኬን።"

ጋሼ ቀና አላሉም። "አንተ ሂድ" አሉት፤ "ስልኩ ይቆይ።"